የአያ ሞላ ብርቱካን አልታመመም ነበር

ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ከደብረ ታቦር የመጣው የፍራፍሬ ገዥና ሾፌሩ፣ ሁለት ተሸካሚዎች፣ ከእኔ ጋር ፍሬ እየለቀመች ደኅናውን ከብልሹ የምትለየው ጥሩወርቅ፣ ብርቱካኑን ከስማዳ ቆላ ያመጡት ገበሬ አያ ሞላ፣ እኔም። የመጋዘኑ ኃላፊ የኔታ ጥበቡ ብቻ አልነበሩም። ለዘመድ ተዝካር ወደ ታች ጋይንት ሄደው ነበር።

የመጀመሪያው ሳጥን ሲከፈት ገዥው አፍንጫውን ያዘ። ከላይ ያለው ብርቱካን ሁሉ አረንጓዴ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ የዱቄቱ ዳር ዳር ነጭ ነው፤ በጣት ሲነኩት ልጣጩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሁለተኛው ሳጥን እንደዚያው። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ መክፈቱን ተዉት። ሥራ አስኪያጁ «ይህ ፍሬ ከዛፉ ላይ ታሞ ነው የመጣው» አለ። ማንም አልተከራከረም። አያ ሞላ ብቻ «ከእኔ ሲወጣ ደኅና ነበር» አሉ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

ደኅና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቆሜ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ ምክንያት አንድ ሰው ዛፎቻቸውን አጡ፤ ስማቸውም «የታመመ ፍሬ አምጪ» ተብሎ ቀረ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ልጄ ማስተዋል «እማ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ፍሬ ስትለቅሚ ኖርሽ፤ እስኪ ጻፊው» ስትለኝ ልጽፍ የፈለግኩት ይህንን አንዱን ነው። ግን ሌላው ሳይነገር ይህ አይገባም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የፊደሉን ግድፈት እሷ አርማዋለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ አደራ ብያታለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አርብ ገበያ ከተማ ነው። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ማስተዋል ገና ጡት አልጣለችም። የገበሬዎቹ ማኅበር በየዓርቡ ገበያው ዳር ሸራ ወጥሮ ፍራፍሬ ይረከብ ነበርና ለቃሚ ሲፈልጉ ቀጠሩኝ። ደመወዙ የቀን ነው፤ ቀኑም በሳምንት አንድ። ልጄን አዝዬ እየለቀምኩ፣ እጇን ልካ የሎሚ ፍሬ እንዳትውጥብኝ በየደቂቃው ወደ ኋላ እዞር ነበር። እዚያ የነበረው አለቃ ብርቱካን ሲቆጥር ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው እየወረወረ ነው። ሁለት ሁለቱን እያነሣ ይወረውራል፤ ሲያርፍ ጧ ይላል። እኔም ፍሬ ሲወረወር ምን እንደሚሆን አላውቅምና ፍጥነቱን አደንቅ ነበር።

ሁለት ዓመት እንደቆየሁ ወገዳ ወዳለው መረከቢያ ላኩኝ። የወገዳን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪናው ላይ የተጫነው ፍሬ ከመውጣቱ በፊትና ከወረደ በኋላ አንድ አይደለም። አያ ሞላን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ከወገዳ በታች፣ ከወንዙ ዳር ካለው አትክልታቸው በሁለት አህያ ጭነው ይመጡ ነበር። ሌላው ገበሬ በጆንያ አጭቆ ያመጣል። እሳቸው ግን በቅርጫት ነው የሚያመጡት፤ በየድርድሩ መካከል የሙዝ ቅጠል ያነጥፋሉ። ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ አህያዋን ከኋላ አይነዷትም፤ ጎን ለጎን ሆነው ጭነቱን በእጃቸው ደግፈው ይወርዳሉ።

«አያ ሞላ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫኑት?» ስላቸው፣

«እንቁላልስ ቢሰበር አንዱ ነው የሚሰበር» አሉኝ። «ይኸ ሲቆስል ለጎረቤቱ ያወርሳል።»

ብርቱካኑን ከዛፉ የሚያወርዱት በመቀስ ነው። መቀሷን በገመድ ከወገባቸው አስረዋት ይዞራሉ። እንቡጧ፣ ማለት ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚያያዝባት ትንሿ ጉጥ፣ ከፍሬው ላይ እንድትቀር አድርገው ይቆርጣሉ፤ ተስቦ የተነቀለ ብርቱካን አናቱ ላይ ቀዳዳ ይከፈትበታልና። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። «ፍሬውን ሳየው አሳዘነኝ» ነው ያሉኝ።

ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ወደ ትልቁ መጋዘን እንድዛወር ለመንኩ። እዚያ ነው የኔታ ጥበቡ እጅ የወደቅሁት።

የኔታ የምንላቸው የቅኔ ተማሪ ስለነበሩ ነው። ትምህርቱን ሳይጨርሱ በወጣትነታቸው ወደ ቆላ ወርደው፣ የመንግሥት የፍራፍሬ እርሻ ላይ ብዙ ዘመን ሠርተው ነው የተመለሱት። ሁሌ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ይቆሙና «እጅ» ይላሉ። እጃችንን እንዘረጋለን፤ ጥፍር ያያሉ። ሰኞ ሰኞ ምላጭ ይዘው ይመጣሉ። ጥሩወርቅ በፋሲካ ሰሞን ጥፍሯን አሳድጋ ቀለም ተቀብታ የመጣች ዕለት በሩ ላይ አቁመው፣

«ይህ ምንድን ነው?» አሏት።

«ጌጥ ነው የኔታ።»

«ለአንቺ ጌጥ ነው፤ ለብርቱካኑ ጦር ነው። ቁረጪው ወይ ቤትሽ ግቢ።»

«የኔታ፣ ባል ላግባ ብዬ እኮ ነው።»

«ብርቱካን የማያቆስል እጅ ያላትን ሴት የሚያገባ ባል እኔ አመጣልሻለሁ» አሏት። ቆረጠችው። ባሉን ግን ሳያመጡላት ቀሩ፤ እሷም እስከ መጨረሻው በዚህ ስትነተርካቸው ኖረች።

የበሰበሰ ፍሬ ሲያገኙ እንደ ሌላው ሰው አንሥተው አይወረውሩትም። መጀመሪያ ያላዩት ይመስል ቀስ ብለው ይጠጉታል። እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርጉበታል፤ ሻጋታው ተነሥቶ እንዳይበን። ከዚያ በጨርቁ እንደተሸፈነ አቅፈው በጓሮ በር ያወጡታል። እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ሌላ ፍሬ አይነኩም። ስንቸኩል ሲያዩን «ያ አረንጓዴው ዱቄት ዘር ነው። ገበሬ ስንዴ ሲዘራ እንኳ እንዲህ አይበትንም» ይሉናል።

ከሁሉ የማልረሳው ያን የአራቱን ብርቱካን ትምህርት ነው። መጋዘን በገባሁ በወሩ ገደማ፣ አራት ጤነኛ ብርቱካን መርጠው ከብርቱካኑ ዛፍ በተቆረጠ እሾህ አንድ አንድ ጊዜ ወጓቸው። ሁለቱን ወዲያው ከሻገተ ፍሬ በተነሣ ዱቄት ቁስላቸው ላይ ነካ ነካ አደረጓቸውና ለየብቻ አስቀመጡ። ሁለቱን «የእርጥብ ጆንያ ቤት» ወደምንለው ክፍል አስገቧቸው። ያ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ይሞቃል፤ ግድግዳው ላይ ውኃ የጠጣ ጆንያ ይሰቀልበታል። ጆንያው ፍሬውን አይነካም፤ አየሩን ብቻ ያረጥባል። በሦስተኛው ቀን ሲያሳዩኝ ዱቄት የነካቸው ሁለቱ እንደ ቅቤ ለስልሰዋል። እነዚያን ከሞቀው ቤት ያወጧቸውን ደግሞ ዱቄቱን አሁን አስነኳቸው። ሳምንት ጠበቅን፤ አልበሰበሱም። እሾሁ የወጋበት ቦታ ቡናማ ነጥብ ሆኖ፣ በጣት ሲዳብሱት ጠንከር ይላል።

«ምን አደረገ?» አሉኝ።

«አላውቅም የኔታ።»

«ቁስሉን ዘጋ። ልጅሽ ጉልበቷን ስትላጥ ቅርፊት ይይዝላት የለም? ይህም እንደዚያ ነው። ከዛፉ ቆረጥነው እንጂ አልሞተም፤ ይተነፍሳል፤ ይከላከላል። ግን ጊዜ ይፈልጋል። እኛ የምንከፈለው ያንን ጊዜ ለመስጠት ነው።»

ማንጎውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወገዳ ሳለሁ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ጥሬው ማንጎ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፤ መብሰል ሲጀምር ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡ እየሰፋ ይገናኛል። እኛ መጋዘናችን አቆሸሸው እንል ነበር። የኔታ ግን በሽታው አበባው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ጀምሮ እዚያው ልጣጩ ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። ፍሬው ጥሬ ሳለ በመራራው ውኃው አስሮ ይይዘዋል፤ ወራት ሙሉ አያንቀሳቅሰውም። ሲበስል መራራው ይጠፋል፤ ኃይሉ ሁሉ ወደ ጣፋጭነት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የታሰረው ይፈታል። ይህን የሰማሁ ዕለት ቤቴ ገብቼ የተኛች ልጄን ሳይ ብዙ ቆየሁ። እሷን ሳሳድግ ከምን ሁሉ እንደጠበቅኋት፣ እሷ የማታውቀውን፣ እያሰብኩ ነበር።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። ጥሩወርቅ «አንቺ እኮ ብትችይ ጥላሽንም ታጥቢው ነበር» ትለኝ ነበር። የኔታ ግን ፍርሃቴን ወደ ሥራ አዋሉት። አንድ ጊዜ ከደብረ ታቦር ብርቱካን እየበሰበሰ ሲመለስብን ሁሉም ሾፌሩን ሰደበ። እኔ ደግሞ ሳጥኖቹ አሳስበውኝ እያንዳንዱን ውስጥ ውስጡን በእጄ መዳሰስ ጀመርኩ። ልጄ ብትገባበት ምን ይወጋታል እያልኩ ነው የዳሰስኩት። በአዲሶቹ ሳጥኖች ማዕዘን ላይ የምስማር ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ አገኘሁ፤ ከሁሉም ውስጥ። የኔታ ጣታቸውን ምስማሩ ላይ አሳርፈው፣ «የሻረግ፣ ይህን ሌላው መቶ ጊዜ ቢከፍት እንኳ አያየውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው በሌሉበት ቀን የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ይቀመጥ ጀመር።

ቁልፉ እኔ ጋ ነበር እንግዲህ ያ ነገር ሲሆን።

ኅዳር ተጋምሶ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ከደብረ ታቦር አዲስ ገዥ ተገኝቶ፣ ፍሬውን ወድዶ ቢወስድ በየሳምንቱ ሊቀጥል ተነጋግሯል። ሥራ አስኪያጁ ምርጥ ፍሬ የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም አያ ሞላ አልን። አመጡ። የኔታ ተረከቡና እያንዳንዱን ቅርጫት ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ፤ ከዚያ የእርጥብ ጆንያ ቤት አስገቡት። በማግስቱ የተዝካሩ መልእክት መጣባቸው። ሲሄዱ እንዲህ አሉኝ፦ «ሦስት ቀን እንዳለ ይቆይ። አይነካ። በአራተኛው ቀን በደረቅ ጨርቅ አብሳችሁ ሳጥን አስገቡት። ውኃ አያስፈልገውም።»

ጥሩወርቅ ለእህቷ ልጅ ክርስትና ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ ነበር። ብቻዬን ቀረሁ። ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ብቅ አለና ብርቱካኑን አየ። የወገዳ መንገድ አቧራ ልጣጩ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ገብቷል። «ይህን ቆሻሻ ገዥው እንዳያይብን» ብሎኝ ሄደ። ሌላ ምንም አላለኝም። እኔ ግን በዚያች ቃል ተያዝኩ። ገዥው ባይወድደውስ? የሚቆጡት እኔን ነው፤ ኮንትራቴ ጊዜያዊ ነው፤ በጥር ይታደሳል ወይም አይታደስም። ማስተዋል አሥረኛ ክፍል ናት፤ ፈተና አለባት።

በደረቅ ጨርቅ ሞከርኩ፤ አቧራው ከቀዳዳው አልወጣም። ያን ጊዜ እናቴ የጠላ ጋን ስታጥብ ትዝ አለኝ። የአገሬ ሴት ጋንን በግራዋ ቅጠል አሽታ ካላጠበችው ጠላ አትጠምቅበትም። ግራዋ ያሸተው ነገር ንጹሕ ነው፤ ክፉ ሽታ አይቀርበትም፤ እንዲህ ብዬ ነው ያደግሁ። ከመጋዘኑ አጥር ሥር ግራዋ አለ። ቆርጬ አመጣሁ፤ በርሜል ውኃ ቀዳሁ፤ ብርቱካኑን ሁሉ አንድ በአንድ በግራዋ እያሸሁ አጠብኩት። ሌሊት እንዳይደርስብኝ ፈጥኜ፣ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ።

አሁን ሳስበው የሠራሁት አንድ ጥፋት አይደለም። የግራዋ ቅጠል ሻካራ ነው፤ ጋን ላይ ምንም አያደርግም፤ የብርቱካን ልጣጭ ግን ይቧጭራል፤ ዓይን በማያየው ጭረት ይሞላዋል። ቁስሉን ሊዘጋ ሁለተኛ ቀኑን የያዘውን ፍሬ እንደገና አቆሰልኩት። ውኃ በቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ የበርሜሉን ውኃ አልቀየርኩም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ከክምሩ መካከል ጎናቸው ላይ ትንሽ ነጭ ነገር የያዛቸው ሦስት አራት ብርቱካኖች ነበሩ። የኔታ ቢኖሩ በጨርቅ ሸፍነው ያወጧቸው ነበር። እኔ አዘንኩላቸው። ነጩን በግራዋ አሽቼ አስለቀቅሁትና እነዚህንም አዳንኳቸው ብዬ ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኋቸው። ዘሩን በገዛ እጄ በውኃው ውስጥ በተንኩት።

በሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ሳጥን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዤ ደረደርኳቸው። ልጣጫቸው ያበራ ነበር። ቤቴ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለማስተዋል ሳይቀር ነገርኳት።

በስምንተኛው ቀን ገዥው መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ። የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ አያ ሞላ አልወጡም። ከሳጥኖቹ አጠገብ ተቀምጠው በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር። ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኋቸውም። ብዙ ፈልገው አንድ ብርቱካን አወጡ፤ ደረቅና ጤነኛ። በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው ዘረጉልኝ።

«ይችን ለልጅሽ ውሰጂላት» አሉኝ።

«አያ ሞላ፣ ይተዉት።»

«ውሰጂ። ከዚህ ሁሉ አንድ ደኅና መውጣቱን ሰው ይይልኝ።»

ያን ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። «በደኅና ይግቡ» አልኩ።

ብርቱካኑን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ ማስተዋል እንዳትነካው ነገርኳት። ቆየ። ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። እየተጨማደደ፣ እየደረቀ፣ እየጠነከረ ሄደ እንጂ አልሻገተም። ሁዳዴ ሲገባ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በየቀኑ አየው ነበር። ከታመመ ዛፍ የመጣ ፍሬ እንዲህ አይቆይም፤ ይህን በዚያ መጋዘን ከየኔታ በቀር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የኔታ በሳምንቱ ተመለሱ። የተጣለውን ክምር ከጓሮ ሄደው አዩ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የሻረግ፣ ብርቱካኑ ምን ምን ይላል?»

ጎንበስ ብዬ ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ።

«እኔን የጋን ሽታ ሸተተኝ» አሉኝ።

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እንደ እናት አሰብሽ፤ አጥበሽ ልታድኚ። ፍሬ ግን ቆዳው ነው ቤቱ» አሉ። ቀጥለውም «አያ ሞላን ማዳን እንችላለን። ሄደሽ ንገሪያቸው» አሉኝ።

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ነበር፤ እኔ ደጁን እጠርግ ነበር።

«ይህ የዛፍ በሽታ አይደለም» አሉት። «ይህ በቁስል የሚገባ ሻጋታ ነው። ፍሬው የቆሰለው ከተረከብነው በኋላ ነው።»

«ማን አቆሰለው ታዲያ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

የኔታ በበሩ በኩል አዩኝ። አልጠቆሙብኝም፤ አዩኝ ብቻ። እኔው እንድናገር ቦታ ለቀቁልኝ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ አንገቴን ደፋሁ። ሥራ አስኪያጁ «አዩ የኔታ፣ ለወዳጅ መከራከር መልካም ነው፤ ግን ማስረጃ የለም» ብሎ ወረቀቱን ፈረመ። ማኅበሩ ከዚያ አትክልት ፍሬ እንዳይቀበል የሚል ደብዳቤ ወደ ወገዳ ሄደ። ኮንትራቴ በጥር ታደሰ። ማስተዋል ፈተናዋን አለፈች።

ነገ ያልኩት እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሆነ። የኔታ አንድ ቀን እንኳ መልሰው አልጠየቁኝም፤ ጠዋት ጠዋት እጄን ሲያዩ ግን ከሌላው ሰው እጅ ይልቅ ትንሽ ዘግይተው ይለቁት ነበር። ጡረታ ወጥተው ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣

«እነዚያን ዛፎች አየሻቸው?» አሉኝ።

«አላየሁም የኔታ።»

«ሂጂ። እኔ እንግዲህ መሄድ አልችልም።»

ዐርፈው ዐርባቸው ሳይወጣ ወገዳ ሄድኩ። በአውቶቡስ ደርሼ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ወንዙ ዳር ያለው አትክልት ቦታ ባቄላ ተዘርቶበታል። በባቄላው መካከል የተቆረጠ ጉቶ በረድፍ በረድፍ ቆሟል። አንዲት ጎረቤት ባቄላውን ስትኮተኩት አገኘኋት፤ ከመጋዘኑ እንደመጣሁ ስነግራት መኮትኮቻዋን ተደግፋ አየችኝ።

«አሁን ነው የመጣችሁ?» አለች። «በሽታ አለው ብላችሁ ደብዳቤ ላካችሁ። ወደኛ እንዳይተላለፍ ሁላችንም ቁረጥ አልነው። እሱም ‹ለጎረቤቴ ክፉ አልሆንም› ብሎ ቆረጠ። ሲቆረጥ እኮ ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ፣ ጤነኛ ነበር። እሱም አየው፤ እኛም አየነው። ምን ዋጋ አለው።»

«አሁን የት አሉ?»

«ሚስቱ ሞተች። ብቻውን ቀረ። ልጁ እናኑ መጥታ ወሰደችው።»

«ወዴት?»

«አንዱ ባሕር ዳር ይላል፤ አንዱ ወልድያ። እኔ ምን አውቄ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ የከረመ ጊዜ ነው የሄዱት። ምን ልትዪው ነው የምትፈልጊው?»

ነገርኳት። ባቄላው መካከል ቆሜ፣ ከየኔታ ቀጥሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ነገርኩ። እስክጨርስ ሰማችኝ። በመጨረሻ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል ይህ፤ ለእሱ ነው የሚነገር» ብላ ወደ ኩትኳቶዋ ተመለሰች። እውነቷን ነው።

ከዚያ ወዲያ ከወገዳ የሚመጣን ነጋዴ ሁሉ እጠይቅ ነበር። ያገኘኋቸው የለም። ዘንድሮ ለጡረታዬ መሸኛ ሲያደርጉልኝ፣ መጋዘን ውስጥ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ተናገሪ ሲሉኝ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። የግራዋውን፣ የበርሜሉን፣ ደባልቄ ያስገባኋቸውን። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ልጅ ነው፤ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ማስተዋል እጄን ያዘችኝ። ቀጥላ የተናገረችው ጥሩወርቅ ናት።

«እኔ ከክርስትናው ስመለስ የደረቀ ግራዋ ከበርሜሉ ሥር አግኝቼ ሰው ሳያይ ወደ ጉድጓድ ጣልኩት» አለች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች፤ ከዚያም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። «ሁለታችንም ነን እኮ የቆረጥነው።»

ሥራ አስኪያጁ በቃለ ጉባኤ አስጻፈው። የአቶ ሞላ አትክልት ጤነኛ እንደነበረ፣ ፍሬው የተበላሸው በመጋዘኑ አያያዝ እንደሆነ፣ የቀድሞው ደብዳቤም እንደተሻረ የሚል ነው። ማኅተም አድርገው አንድ ቅጂ ሰጡኝ። ችግኝ እንሰጣቸዋለንም ብለዋል። ወረቀቱ አሁን እኔ ጋ ነው ያለው፤ እኔ ጋ ደግሞ ምንም አይሠራም። እሳቸው ዛሬም ዛፌ ታሞ ነበር፣ ለጎረቤቴ ብዬ በመቁረጤ ደግ አደረግሁ ብለው ያምኑ ይሆናል። ወይም ጤነኛ እንደነበረ እያወቁ የሚያምናቸው ሰው አጥተው ይኖራሉ። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ፦ አያ ሞላ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የመጡት ከስማዳ፣ ከወገዳ በታች ካለው ቆላ ነው፤ ያሉት እናኑ ከምትባል ልጃቸው ጋር ነው፤ ባሕር ዳር ወይም ወልድያ ሳይሆን አይቀርም። ያያቸው፣ ያሉበትን የሰማ፣ ወይም ማረፋቸውን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ መካነ ኢየሱስ የፍራፍሬ መጋዘን ለየሻረግ ብላችሁ ንገሩኝ።